የጠፋው ሩብ ሜትር

ሰመራ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኡራኤል፣

ሰላምታዬ በኢስማኤል መኪና ተሳፍሮ አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ ይምጣልህ። እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ኔትወርኩ ከተበላሸ ወዲህ ስልኩ ሁለት ቃል አድርሶ ሦስተኛውን ይውጠዋል። ስለዚህ የጠየቅከኝን ሁሉ በወረቀት ልመልስልህ ተቀምጫለሁ። ኢስማኤል በከባድ መኪናው ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ በእኛ በኩል ስለሚያልፍ፣ «እህቴ፣ ደብዳቤ ምን ይከብዳል፣ ጽፈሽ ስጪኝ» ብሎኛል።

በመጀመሪያ እማዬን ሳምልኝ። ባለፈው መስመሩ ሳይቆረጥ «አቅርብልኝ» ስልህ «ተኝታለች» አልከኝ። እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው በጠራራ ፀሐይ የምትተኛው? እንዳትደብቀኝ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል። አዎ፣ ግራፊክስ ካርዱም በቦታው አለ፣ ማራገቢያውም ይዞራል። እምቢ ያለው ፕሮግራሙ ነው። ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «እህቴ ጎርፍ ትጠነቁላለች» እንደምትል አውቃለሁ፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ላይ፣ አዳይቱ ላይ፣ የአዋሽ ወንዝ ከፍታ ይለካል። እኛ ያንን ተቀብለን ውሃው ታች አሳይታና አፋምቦ ሲደርስ የት የት እንደሚተኛ አስልተን በካርታ እናወጣለን። ስሌቱን የሚሸከመው ካርዱ ነው። ያለ እሱ ካርታው ከውሃው በኋላ ይደርሳል፤ ከውሃ በኋላ የሚደርስ ካርታ ደግሞ ለማን ይጠቅማል?

በሰኔ አዲስ የመሬት ከፍታ መረጃ ተላከልን። እሱን የሚከፍተው አዲሱ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ አሮጌውን አውጥተን አዲሱን ጫንን። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይህ ካርድ አይደገፍም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየን። ካርዱ ፓስካል የሚባለው ትውልድ ነው። ያመጣው ፕሮጀክት ተዘግቶ ሰዎቹ ሄደዋል። አለቃችን አቶ አለባቸው ለግዢ ጽፈዋል፤ ግዢው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ካለቀ ዕድለኞች ነን። ሰማዩ ደግሞ ደጋ ላይ ያለ ማቋረጥ እያወረደው ነው ይላሉ።

አንተ ለሰርግ ቪዲዮ ሥራህ ስንት ካርድ ለዋውጠሃል። ምን ይሻለኛል?

እህትህ ማህሌት

*

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማሂዬ፣

ደብዳቤሽን ስቱዲዮው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። እንኳን ደህና ሆንሽ። እማዬ ሰላም ብላሻለች። ሌላ ሌላውን ስትመጪ እንጫወታለን።

«ካርዱ ተበላሽቶ ነው ወይ?» ብለሽ አትጨነቂ፣ አልተበላሸም። አምራቾቹ ለእያንዳንዱ ትውልድ የሳይንቲስት ስም ያወጡለታል፦ ኬፕለር፣ ማክስዌል፣ ፓስካል፣ ቮልታ፣ ቱሪንግ እያለ ይቀጥላል። እስከ ፓስካል ድረስ ለውጡ በአብዛኛው የእጅ ብዛት ነበር። አንድ ዓይነት ቀላል ስሌት የሚሠሩ ብዙ ሺህ እጆች አስቢ፤ በየትውልዱ እጆቹ ይበዛሉ፣ ይፈጥናሉ፣ መብራት መብላት ይቀንሳሉ። ቮልታ ላይ ግን አዲስ ዓይነት ክፍል ገባ፤ የቁጥር ሰንጠረዥን ከሌላ ሰንጠረዥ ጋር በአንድ ምት የሚያባዛ። ቱሪንግ ያንን ይዞ እንደ እኔ ላለው የሰፈር ሠራተኛ ደረሰ።

ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎች ለሁሉም ትውልድ እየጻፉ መኖር አይችሉም። አንድ ቀን መስመር ያሰምራሉ። በቅርቡ ያሰመሩት ቱሪንግ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሁሉ ከመስመሩ ውጭ ቀሩ። ያንቺው ፓስካል ከትናንት ወዲያ የሚችለውን ዛሬም ይችላል። የሚያናግረው ሰው ነው ያጣው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የራሴን ካርድ ልኬልሻለሁ። ቱሪንግ ነው። «አንተስ ምን ልትሠራበት?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ክረምት ነው፣ ፍልሰታም ደጃችን ላይ ነው፣ ማን ይዳራል? የመብራት ገመዱን ለብቻ ጠቅልዬ አስገብቻለሁ፤ ካልገጠመ በግድ እንዳታስገቢው። አሮጌውን ድራይቨር፣ ኮምፒውተሩን ከካርዱ ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ አጥፊ። ሰመራ ላይ ሌላው ጠላትሽ ሙቀት ነው፤ የኮምፒውተሩን ጎን ክፍት ተይው፣ ኤሲው ከጠፋ ሥራውን አቁሚ።

ከዚህ የበለጠ ብዙ መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዛሬ ልቤ አልተሰበሰበም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ ኡራኤል

*

ሰመራ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኡራዬ፣

ምን ብዬ እንደማመሰግንህ አላውቅም። ካርዱ በሰላም ደርሷል። ኢስማኤል በጋቢ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦት ነበር። «ከዕቃው ጋር ቢጫን ኖሮ ገዋኔ ሳይደርስ ይፈጭ ነበር፣ ወላሂ እንደ ሕፃን ነው ያመጣሁት» አለኝ። ገመዱ ገጠመ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ያን ጊዜ ቢሮው ውስጥ የተሰማውን እልልታ ብትሰማ! አቶ አለባቸው ያ ሁሉ ቁጥብነታቸው ጠፍቶ አጨበጨቡ።

ፍጥነቱን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። በጣም ፈጣን ነው፣ ከድሮውም ይበልጣል። ጠዋት የአዳይቱን ቁጥር አስገብተን፣ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ካርታው አልቆ ይጠብቀናል።

ካርታው ላይ ግን አንድ ነገር አላማረኝም። ከጎኔ የምትቀመጠው ኡሙሀኒ የአፋምቦ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ካርታው እንደወጣ መጀመሪያ የምታየው የአባቷን የአቶ ባፈናን ቤት ነው። ትናንት አይታ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። «ምነው?» ስላት፣ «ማህሌት፣ የእኛ ደጃፍ ደረቅ ነው ይላል። ከዚህ ያነሰ ውሃ በመጣበት ዓመት እኮ እኛ አልጋ ላይ ቆመን ነበር» አለች።

እኔም ተነስቼ የውሃውን ድምር ሠራሁት። ከላይ የገባውን ውሃ አንድ ላይ፣ መሬት ላይ የተኛውን፣ ወንዙ ወደሚያልቅበት ሐይቅ የወረደውንና የተነነውን አንድ ላይ አድርጌ። አይገናኝም። ብዙ ውሃ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ላይ፣ ወንዙ ጥልቅ በሆነበት፣ ሁሉም ልክ ነው። ታች፣ መሬቱ ሜዳ በሆነበት፣ ውሃው ስስ ሆኖ መዘርጋት ሲጀምር ልክ አሸዋ እንደጠጣው ድርቅ ይላል። የመሬት መረጃውን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። የአዳይቱን ልኬት ደግሜ ጠየቅሁ፣ ትክክል ነው። የቀረኝ ካርዱን መጠርጠር ነው። እንዲህ ስልህ እንዳትቀየመኝ።

አቶ አለባቸው ግን ደረቅ የሚለውን ካርታ ለወረዳው ልከውታል። ቆዩ ብያቸው ነበር፤ «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አሉኝ፤ ስህተቱ የት እንደሆነ ግን ማሳየት አልቻልኩም።

እማዬ እንዴት ናት? ይህን መጠየቄን አልተውም።

ማህሌት

*

አዳማ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማሂ፣

ከአዳማ መጻፌ እንዳያስደነግጥሽ። ጉዳይ ይዞኝ መጥቼ ነው። ኢስማኤል ወደ ላይ ሲያልፍ እዚህ አግኝቶኝ ደብዳቤሽን ሰጠኝ፤ ሲመለስ ይህን ይወስድልኛል። ወረፋ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ጽሑፌን ይቅር በዪው።

አልተቀየምኩም። ካርዱን መጠርጠርሽ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከሚችለው ነገር የመጣ ነው፣ ከማይችለው አይደለም። ልንገርሽ።

አዲሶቹ ካርዶች ላይ ያለው ያ ልዩ ክፍል ፍጥነቱን የሚያገኘው ቁጥርን በአጭሩ በመያዝ ነው። ሙሉውን ቁጥር በሚይዝበት ቦታ ግማሹን ይይዝና ሁለት እጥፍ ከዚያም በላይ ይሮጣል። ፕሮግራምሽ «ይህ ካርድ አጭር ቁጥር ይችላል» ብሎ ሲያውቅ ሳይጠይቅሽ ወደዚያ ዞሯል ብዬ እጠረጥራለሁ። ፓስካሉ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

እኔ ይህንን ያወቅሁት በሰማይ ነው። የአመሻሽ ሰማይ ያለበትን የሰርግ ቪዲዮ በአጭር ቁጥር ሳወጣው፣ ቀስ እያለ ከቢጫ ወደ ሐምራዊ መሄድ የሚገባው ቀለም ተቆራርጦ ደረጃ ይሠራል። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ቀለም የሚጻፍበት ቁጥር ስለሌለ ወደ አንዱ ይጠጋል። ያንቺ ውሃ ላይም የሆነው ይኸው ነው። አፋምቦ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት መቶ አርባ ሜትር አካባቢ ነው ብለሽኝ ነበር። አጭሩ ቁጥር እዚያ ከፍታ ላይ መቁጠር የሚችለው በሩብ ሜትር እየዘለለ ነው። ውሃ ደግሞ ሜዳ ላይ በሩብ ሜትር አይዘልም፤ ጣት በጣት ነው የሚወጣው። ጣት የምታህል ውሃ በተጨመረች ቁጥር ስሌቱ አጠጋግቶ ይጥላታል። በሚቀጥለውም ዙር ይጥላታል። እንዲህ እያለ ወንዝ የሚያህል ውሃ ይጠፋል። ጥልቁ ቦታ ላይ ልክ የሆነው ጭማሪው ትልቅ ስለሆነ ነው።

ምርጫዎቹ ውስጥ ግቢና «ፈጣን ስሌት» ወይም ያንን የመሰለ ነገር ፈልጊ፣ አጥፊው። ካርዱ ሙሉውን ቁጥርም ያውቃል፣ ይዘገያል እንጂ ያደርሳል። ከዚያ ያንን ድምርሽን ድገሚው። ድምሩን ባትሠሪ ኖሮ እኔ ከየት አመጣው ነበር?

ስሜን እየጠሩኝ ነው። ፈጥነሽ ሥሪው፣ እህት ዓለም።

ኡራኤል

*

ሰመራ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኡራዬ፣

ኢስማኤል ሞተር ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ስለሆነ በአጭሩ።

ልክ ነህ። አጠፋሁት። ድምሩ ገጠመ። ቀኑን ሙሉ ፈጀ እንጂ ውሃው ሁሉ ተገኘ፤ የተገኘውም አፋምቦ ላይ ነው። የኡሙሀኒ አባት ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኗል። አዳይቱ ላይ ወንዙ አሁንም እየጨመረ ነው።

አቶ አለባቸው አዲሱን ካርታ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ባለፈው ደረቅ ብለን ዛሬ ይሞላል ብንል ማን ያምነናል?» አሉ። ኡሙሀኒ የአባቷን ሰፈር ካርታው ላይ በጣቷ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ይሳቁብን። ሰው ከሚያልቅ እኛ ብናፍር ይሻላል» ብለው ማስጠንቀቂያው ላይ ፈረሙ።

ለአንዳንድ ሥራ ከቢሮ ወጣ ስለምል ደብዳቤ ከዘገየ አታስብ። አንተም አዳማ ምን ወረፋ እንደያዝክ አልነገርከኝም፤ አኩርፌሃለሁ፣ ግን ጊዜ የለኝም።

ማህሌት

*

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማሂዬ፣

ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ፦ እማዬ ደህና ናት። «ትድናለች» ማለቴ አይደለም፣ ድናለች። አሁን ቁጭ በዪና ሌላውን አንብቢ።

በሰኔ መጨረሻ ጡቷ ውስጥ እብጠት አገኘች። ለእኔም የነገረችኝ ከብዙ መሸሸግ በኋላ ነው። እዚህ ያዩዋት ሐኪም አዳማ ላኳት። ስልክ ላይ «ተኝታለች» ያልኩሽ ቀን ምርመራ ላይ ነበረች። አዳማ ወረፋ የያዝኩት እብጠቱን ለማስወጣት ነው፤ ስሜን የጠሩኝም ልትገባ ስትል ነበር። ከወጣ በኋላ ለምርመራ ተላከ፤ ያንን መልስ መጠበቅ ከቀዶ ሕክምናው ይብስ ነበር። ትናንት መልሱ መጣ። ክፉ አይደለም። ሐኪሟ ወረቀቱን ዘርግታ፣ «ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ካንሰር አይደለም፤ ቁስልዎ ሲደርቅ ወደ ሥራዎ» ስትላት፣ እማዬ «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አስለቀሳችሁኝ?» ብላ ተቆጣች! ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። እኔም አብሬአት።

«ለማሂ እንዳትነግራት፣ የሰው ነፍስ የያዘ ሥራ ላይ ናት፣ ሐሳቧ ይከፈልባታል» ብላ አስምላኝ ነበር። መሐላውን ዛሬ አነሳችልኝ። እንደምትቆጪ አውቃለሁ፣ መብትሽ ነው።

አሁን ደግሞ አንቺ ነሽ ያስጨነቅሽኝ። ኢስማኤል ሲመለስ ቢሮሽ ሄዶ አላገኘሽም። ከአሳይታ ወዲያ ያለው መንገድ በውሃ ተቆርጧል አለ። «ለአንዳንድ ሥራ ወጣ እላለሁ» ያልሽው ወዴት ነው? እኔ መጠየቅ አይገባኝም፣ ግን እየጠየቅሁ ነው። እማዬ አልሰማችም፤ «ኔትወርክ ነው» እያልኳት ነው። ከዚህ በላይ ልዋሻት አልችልምና አንድ መስመር ላኪልኝ።

ኡራኤል

*

ሰመራ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ኡራኤል፣

«ብትቆጪ መብትሽ ነው» ብለሃልና በደንብ ተቆጥቻለሁ። እናቴ ቀዶ ሕክምና ስትገባ እኔ ስለ ሩብ ሜትር ደብዳቤ ስቀበል! ኢስማኤልም ያውቅ ነበር! ዛሬ ሳፋጥጠው መሬት መሬት እያየ፣ «እናትሽ አማና፣ አደራ እንዳትነግራት ብለውኝ ነው» አለ። ይኸው ተቆጣሁ፤ አለፈልኝ። አንተም ስለ እኔ ተጨንቀሃልና ተካክሰናል።

ወዴት ነው ላልከኝ፣ አፋምቦ ነበርኩ። ማስጠንቀቂያው ወረዳው ደርሶ ሰዉ አልንቀሳቀስ አለ። የመጀመሪያው ካርታ አስቀድሞ ደርሷቸው ነበርና ማን ይፈርድባቸዋል? ኡሙሀኒ «አባቴ ካልወጣ ሰፈሩ አይወጣም፤ እኔ ደግሞ ለእሱ ገና ልጅ ነኝ፣ አይሰማኝም» አለችኝ። አብሬአት ሄድኩ።

አቶ ባፈና ከቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ረጅም፣ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከሹፌሮች ጋር ስለዋሉ አማርኛቸው ጥሩ ነው።

«ውሃ ይመጣል የሚለው ማሽኑ ነው፣ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ማሽኑ አሰላው፣ እኔ አረጋገጥኩት።»

«ባለፈው ደረቅ ነው ብሏል።»

«ተሳስቶ ነበር፣ አባ። ትንንሹን ውሃ እየጣለ ነበር የሚቆጥረው። አሁን አይጥልም።»

«እንደገና ቢሳሳትስ?»

«ከተሳሳተ ፍየሎቻችሁን በከንቱ አስወጥቼ አፍሬ እመለሳለሁ።»

የመጣንበትን መኪና አሻግረው አዩ። ከዚያ፣ «ዛሬ ወደ ሰመራ ትመለሻለሽ?» አሉኝ።

ኡራዬ፣ የቢሮው መኪና እየጠበቀኝ ነበር። ሹፌሩ ጥሩምባ ሁሉ ነፍቷል። ሳላስበው «አልመለስም» አልኩ። «እናንተ እስክትወጡ እዚሁ ነኝ፤ ከወጣችሁም ከእናንተ ጋር እወጣለሁ።»

ተነሱ። ምርኩዛቸውን ይዘው ለጎረቤቱ በአፋርኛ አንድ ነገር ጮሁ። ኡሙሀኒ እጄን ጨብጣ «ቤቱን አፍርሱ እያላቸው ነው» አለችኝ። ሴቶቹ የጎጆውን ሰሌንና ቅስት እንጨት ፈትተው ግመል ላይ ሲጭኑት ማየት ነበረብህ። በዚያው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ከሰፈሩ በላይ ወዳለው የጥቁር ድንጋይ ጉብታ ወጣ።

ከዚያ ውሃው አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። ፀሐዩ ድንጋዩን እንደ ምድጃ አጋለው። ሴቶቹ እያዩኝ ያጉረመርማሉ፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አንዱ ጎልማሳ «የሰመራዋ ልጅ ፀሐይ ልታስመታን ነው ያመጣችን» አለና ሳቀብኝ። እኔ በልቤ ያንን ድምር ደጋግሜ እየሠራሁ ነበር። የረሳሁት ነገር ቢኖርስ? እያልኩ። ጸሎት እንኳ ቸገረኝ፤ ውሃው ይምጣ ብዬ ልጸልይ ወይስ አይምጣ ብዬ? ኡሙሀኒ ሰግዳ ስትነሳ «አንቺ ምን ብለሽ ለመንሽ?» አልኳት። «አላህ ያውቃል አልኩት፣ አለቀ» አለችኝ።

በሦስተኛው ጠዋት መጣ። ድምፅ የለውም፣ ኡራዬ። እኔ የሚያጓራ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ሜዳው መጀመሪያ አብረቀረቀ፣ ከዚያ ቁጥቋጦዎቹ አጠሩ፣ ከዚያ የሰፈሩ ቦታ የት እንደነበር መለየት አቃተን። ቤቶቹ በነበሩበት ቦታ ሰው ቢቆም ኖሮ ውሃው እስከ ደረቱ ይውጠው ነበር። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አየ። አቶ ባፈና ቤተሰቡን በየስሙ እየጠሩ አስቆሙት፤ ማንም አልጎደለም። ኡሙሀኒ መሬት ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ስታለቅስ፣ ያ የሳቀብኝ ጎልማሳ የፍየል ወተት በጣሳ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

መንገዱ ስለተቆረጠ እስኪጎድል አብሬአቸው ቆየሁ፤ የጠፋሁብህ ለዚህ ነው። ትናንት በጀልባ አሻግረውን፣ ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ከነጭቃዬ፣ ከነተላጠው አፍንጫዬ። ደብዳቤህ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ፣ ደገምኩት፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንዴት አድርጌ እንዳለቀስኩ አልነግርህም።

አቶ አለባቸው ከክፍላቸው ሮጠው መጡ። ወረቀቱን እጄ ላይ አይተው ራሳቸውን ያዙ።

«ማህሌት! ማን ሞተ?»

«ማንም» አልኳቸው። «ማንም አልሞተም።»

ማህሌት